የኪዳነማርያም ሃይላንድ

አፍንጫዬ መሥራት ካቆመ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚያ ወረርሽኝ ሰሞን ዐሥር ቀን ተኛሁ። ትኩሳቱ ሄደ፣ ሳሉም ሄደ፤ ሽታና ጣዕም ግን አብረዋቸው ሄደው በዚያው ቀሩ። መጀመሪያ ይመለሳሉ ብዬ ጠበቅሁ። ኋላ መጠበቁንም ተውሁት። ከዚያ ወዲህ ለኔ መብላት ማለት ማኘክ ነው፤ ሽሮውም ዳቦውም ሽንኩርቱም አንድ ነው፣ የሚለያየው ልስላሴው ብቻ ነው።

እናቴ የሞተችው በዓመቱ ነው። ከቀብር መልስ ነጠላዋን ከተሰቀለበት አውርጄ ፊቴ ላይ አደረግሁት። ጨርቅ ነው፣ ሌላ ምንም የለበትም። አላለቀስሁም። አክስቶቼ እኔው እየሰማሁ "ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም" ተባባሉ። አልተቀየምኋቸውም፤ መቀየምም ጉልበት ይፈልጋል።

ይህን የማወራው ከሥራዬ ጋር ስለሚገናኝ ነው። ሐረግ እባላለሁ። መካነ ሰላም ከተማ፣ በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ የምግብ ናሙና እመረምራለሁ። የምሠራበት ማሽን ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይባላል፤ ባልደረባዬ ዋለ ግን ቀኑን ሙሉ ከሱ ጋር ስለምውል "ባልሽ" ይለዋል። ዘይት ሲመጣልኝ አምስት ግራም ያህል ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አደርግና ክዳኗን አጥብቄ አሞቃታለሁ። ከዘይቱ የሚተነው ነገር ከላይ ይጠራቀማል። ማሽኑ ትነቱን በመርፌ ይስብና ከፀጉር ብዙም በማይወፍር፣ ሠላሳ ሜትር በሚረዝም ጥቅል ቱቦ ውስጥ ይነዳዋል። ቀላሉ ቶሎ ይወጣል፣ ከባዱ ዘግይቶ ይወጣል። አንዱ በወጣ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንድ ተራራ ይሣላል። ተራራው የቆመበት ቦታ ምንነቱን፣ ትልቅነቱ ደግሞ መጠኑን ይናገራል።

አብዛኛውን ጊዜ የምፈልገው ሄክሴን የሚባለውን ነው። ኑግ በብረት ሲጨመቅ ዘይቱ ሁሉ አይወጣም፣ ፋጉሎው ውስጥ የሚቀር አለ። ትልልቅ ፋብሪካዎች ፋጉሎውን በሄክሴን ያጥቡና የቀረውን ዘይት ያወጡታል፤ ከዚያ ሄክሴኑን በሙቀት ያተንኑታል። ጥቂት ከቀረ ከዘይቱ ጋር ሰው ይበላዋል። እኛ የምንሠራበት ወሰን በኪሎ ዘይት አንድ ሚሊግራም ነው። ሄክሴን ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እንደ መቅደላ አምባ ቀጥ ብሎ ነው፣ ከጎንና ከጎኑ ትንንሽ ጉብታዎች ይዞ። አንዴ ያየው ሰው አይስተውም፤ እኔም እንዲህ እል ነበር።

በታኅሣሥ እትዬ አልታየች የሚባሉ ሴት ከከላላ መንገድ መለስ ካለ ቀበሌ ዘይት ይዘው መጡ። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ መኪና የለንም ብሎ ደብዳቤውን ሰጥቷቸው ናሙናውንም ራሳቸው ቀድተው እንዲያመጡ ነግሯቸዋል። ስድሳ የሚሆናቸው፣ ጥቁር የለበሱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ኪዳነማርያም ሞተው የአርባቸው ተዝካር እሑድ ወጥቶላቸዋል። የገና ጾም ስለሆነ ወጡ ሁሉ በዘይት ነው የተሠራው። በማግሥቱ ሠላሳ ስምንት ሰው በትውከትና በተቅማጥ ተኛ። የሞተ የለም። ግን ተዝካር በልቶ ሰው ታመመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሩ ሰው አይነገርም።

ዘይቱን የሰጡት ጋሽ ሁዜይፋ ናቸው። ከተማው ውስጥ የኑግ መጭመቂያ አላቸው። ከኪዳነማርያም ጋር የሠላሳ ዓመት ወዳጅ ናቸው፤ ኪዳነማርያም ኑጋቸውን ለሌላ ሰው ሸጠው አያውቁም፣ ጋሽ ሁዜይፋም የልጆቻቸውን ሠርግ ያለ ኪዳነማርያም ደግሰው አያውቁም። ለአርባው "የወንድሜ ተዝካር ነው" ብለው አንድ ጀሪካን ሙሉ ዘይት አስጭነው ላኩ። ሰው ሲታመም ወሬው ወዲያው እሳቸው ላይ አረፈ። ሁዜይፋ ከደሴ በበርሜል ኬሚካል አስመጥቷል፣ ፋጉሎውን በሱ እያጠበ ነው የሚሸጥልን ተባለ። በርሜሉን በዓይኔ አየሁ የሚል አልተገኘም፤ ያየ ሰው አውቃለሁ የሚል ግን ሞልቷል።

እትዬ አልታየች ወሬውን አላመኑም። እንዲመረመር ያመለከቱትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። "ከተዝካሩ የተረፈው ነው" አሉኝ ዘይቱን እየሰጡኝ። "ለክተሽ የሰው አፍ ይዘጋልኝ። እኔ ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ሁዜይፋን ደግሞ ቁሞ ልቀብረው አልችልም።"

ዘይቱ የመጣው በሃይላንድ ነው፤ በተለመደችው የውሃ ፕላስቲክ ማለቴ ነው፣ የሁለት ሊትሯ። አንገቷ ላይ ሰማያዊ ሲባጎ ታስሮባታል። ክዳኗን ከፍቼ አምስት ግራም ቀዳሁ።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሬ መናገር አለብኝ። ያን ሰሞን ማሽኑ የሚሠራበት ጋዝ ተቸግረን ነበር። ሲሊንደሩ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ መንገዱ ደግሞ አንድ ቀን ክፍት ሁለት ቀን ዝግ ነው። ስለዚህ እኔው የፈጠርሁት አቋራጭ ነበረኝ። ሄክሴን በአራተኛው ደቂቃ ይወጣል። ሃያ አምስት ደቂቃ መጠበቁን ትቼ በስድስተኛው ላይ መቅዳቱን አቆማለሁ፣ የማሽኑን ምድጃ አግልና ከኋላ የሚመጣውን ሳላየው አራግፈዋለሁ። ኃላፊያችን ጋዝ ቆጣቢ ብሎ በስብሰባ አመስግኖኛል።

ተራራው በአራተኛው ደቂቃ ወጣ። በኪሎ ሠላሳ አንድ ሚሊግራም። ከፊቱ ጥቂት ጉብታዎች ነበሩ፣ ከቁም ነገር አልቆጠርኋቸውም። ሦስት ጊዜ ደግሜ ለካሁ፣ ሦስቴም ያው ነው። ማሽኔ ጥሩ ማሽን ነው፤ የጠየቁትን ይመልሳል፣ ያልጠየቁትን አያወራም። ሄክሴን ከወሰን በላይ ተገኝቷል ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ከዚያ ምሳዬን አኘክሁ።

በሦስተኛው ቀን የጋሽ ሁዜይፋ መጭመቂያ ታሸገ። በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጠፈ። ወደ ቤቴ ስሄድ በዚያ ነው የማልፈው፣ ወረቀቱን አየሁት። ተንጋዶ ነው የተለጠፈው፤ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

በሳምንቱ ጋሽ ሁዜይፋ ቤተ ሙከራው ድረስ መጡ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፣ አልጮሁም። ወንበር ስሰጣቸው ቆመው ቀሩ። የውጤቱን ቅጂ ከኪሳቸው አውጥተው ፊርማውን በጣታቸው እያመለከቱ "ልጄ፣ ይህ እጅ ያንቺ ነው?" አሉኝ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ማሽን አይዋሽም ይላሉ። እኔም አልዋሽሽም። ወላሂ፣ ከዚያው ከአንዱ በርሜል ቀድቼ ነው ለኪዳነማርያም የላክሁት፣ ለቤቴም ያስቀረሁት። ልጆቼ በልተውታል። ይህንን ብቻ ጻፊልኝ።"

ቅጹን አየሁት። እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለው ነገርኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወረቀቱን በነበረው እጥፋት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሄዱ። ማዘን እንደነበረብኝ አውቅ ነበር። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፣ አልመጣም።

ገና አልፎ እትዬ አልታየች እንደገና መጡ። ልባቸው እንደ ቀድሞው አልነበረም። ከጋሽ ሁዜይፋ ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ አሉ፤ ጋሽ ሁዜይፋ እትዬ አልታየች ወሬውን ያመኑ መስሏቸው ያፍራሉ፣ እትዬ አልታየች ደግሞ ወረቀቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብለው ያፍራሉ። ስለ ውጤቱ ግን ሊከራከሩኝ አልነበረም የመጡት።

"ዘይቱስ ይቅር" አሉኝ። "ዕቃዋን ትመልሽልኝ እንደሁ ብዬ ነው።"

ባዶ ሃይላንድ ሱቅ ሞልቷል፣ ለዚህ ብለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት አልኋቸው።

"የኪዳነማርያም ናት። ሲባጎውን ያሰረላት እሱ ነው፣ ወንዝ ሲወርድ ትከሻው ላይ እንዲያንጠለጥላት።"

"ምን ይይዙባት ነበር?"

"የውሃ ፓምፑን ቤንዚን።"

እጄ ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አስቀመጥሁ። አጥበዋት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። በውሃ ለቅለቅ አድርገዋታል፤ ክዳኗ ስለማያፈስና መንገዱም ሩቅ ስለሆነ ነው ከዕቃው ሁሉ እሷን የመረጧት። አልሸተተዎትም ወይ አልኋቸው።

"የቤቴ ሽታ ነው፣ ልጄ" አሉ እትዬ አልታየች። "ፓምፑን ከገዛ ወዲህ ልብሱም አልጋውም ያው ነው። ይሸታል ብዬ አስቤው አላውቅም።"

ሃይላንዷን ከመደርደሪያው አወረድሁ። ዘይቱ ገና ግማሹ አለ። ክዳኗን ከፍቼ አፍንጫዬ ሥር ያዝኋት፣ በረዥሙ ሳብሁ። ምንም። የናቴ ነጠላ ነው። ዋለን ጠራሁትና አሽትት አልሁት። አጠገቤ ሳይደርስ ቆመ። "ይቺማ ማደያ ናት እኮ" አለ። "አንቺ አፍንጫሽን የት ጥለሽው ነው?"

ጋዙ ቢያልቅም ይለቅ ብዬ ማሽኑን ሃያ አምስቱን ደቂቃ ሙሉ ለቀቅሁት። እትዬ አልታየች አጠገቤ ተቀምጠው ስክሪኑን ያያሉ። በአራተኛው ደቂቃ የማውቀው ተራራ ወጣ። ከስድስተኛው በኋላ፣ ሁልጊዜ ሳላየው የማራግፈው ቦታ ላይ፣ ሌላ ተራራ ወጣ፣ ከኋላው ሌላ፣ ከዚህ ከኛው ቦረና እስከ ከላላ ያለው ጋራ ሁሉ የተሰለፈ ይመስል። ሄክሴን ከዚያ ሁሉ አንዱ ነው። ይህ ፋጉሎ የታጠበበት ሄክሴን ሳይሆን ፓምፕ የሚነሣበት ቤንዚን ነው። በማግሥቱ ዋለ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ እሽጉን ከፍቶለት ከመጭመቂያው የዘይት በርሜልና ከእትዬ አልታየች ጀሪካን በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቶ አመጣ። ሁለቱም ሜዳ ናቸው፤ አንድ ጉብታ እንኳ የለባቸውም።

ያን ዕለት ግን ስክሪኑን ሳስረዳቸው እትዬ አልታየች ብዙ አልጠየቁኝም። "እንግዲያ ሁዜይፋን ያሳሸገው ኪዳነማርያም ነው በይኛ" አሉና ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እኔ ነኝ ያሳሸግኋቸው ማለት ነበረብኝ። አላልሁም።

የማስተካከያውን ደብዳቤ ጻፍሁ። ናሙናው የመጣበት ዕቃ ቀድሞ ቤንዚን የተያዘበት በመሆኑ የቀደመው ውጤት ተሰርዟል፣ ዘይቱ ንጹሕ ነው ይላል። ከቃላቱ አንዱም ውሸት አይደለም። ስለ አፍንጫዬ ግን የለበትም፣ ስለ ስድስተኛው ደቂቃም የለበትም። ጥፋቱን ሁሉ ሃይላንዷ ላይ ጣልሁት፣ እሷ እንደሁ አፍ የላት።

እሽጉ ተነሣ። ግን ኑግ ይዞ የሚመጣ፣ ዘይት ብሎ የሚገባ ጠፋ። ሁዜይፋ የቤተ ሙከራዋን ሴትዮ በጉቦ ይዟት ነው ደብዳቤውን ያስለወጣት ተባለ። እትዬ አልታየች ሃይላንዷ የባሌ ናት፣ ቤንዚን ነበረባት ብለው ቤት ለቤት ቢናገሩ ለባሏ ወዳጅ አዝና ነው አሏቸው። ጤና ጣቢያው ሕመሙን ያመጣው ለድግሱ ከወንዝ የተቀዳው ውሃ ሳይሆን አይቀርም ቢልም የሰማው የለም። ውሃ በር የለው፣ አይታሸግ።

በጥር እትዬ አልታየች ስልክ ደወሉልኝ። የኪዳነማርያም የሰማንያ ቀን ተዝካር ዓርብ ነው፣ ዓርብ ጾም ስለሆነ ወጡ በዘይት ነው፣ ዘይቱም የሁዜይፋ ነው አሉኝ። "የሚሰጥ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ። እኔ ብቀምስ አያምኑኝም፣ እሱም ቢቀምስ አያምኑትም። የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ወረቀትሽን ማን ያነበዋል፣ መጥተሽ በሰው ፊት ቅመሺልኝ።"

እሺ አልሁ። ለእንቢታ የሚሆን ምክንያት አላገኘሁም፤ ያለኝ ምክንያት አንድ ነው፣ እሱን ደግሞ ተናግሬው አላውቅም።

ዓርብ በባጃጅ እስከሚደርሰው ድረስ ሄድሁ፣ የቀረውን በእግሬ። ሃይላንዷን በፌስታል ይዣታለሁ። ዋለ እጠቢያት ብሎኝ ነበር፣ አላጠብኋትም፤ ዘይቱን ብቻ አፍስሼ ክዳኗን አጥብቄ ነው ያመጣኋት። እትዬ አልታየች ተቀብለውኝ ክዳኗን ከፈቱ፣ አሸተቱ፣ ዘጓት። ከዚያ ቤት ገብተው ካልጋው ራስጌ በሲባጎዋ ሰቀሏት። እኔ የእናቴን ነጠላ ፊቴ ላይ አድርጌ የቆምሁበትን ቀን አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ፣ እሳቸው ያገኙት ነገር ነበር።

ዳሱ ሙሉ ነው። ቄሱ ጸልየው ባርከዋል፣ ምስሩም ክኩም በየትሪው ቀርቧል፣ ግን አንድም እጅ አልተዘረጋም። ጋሽ ሁዜይፋ ከምሰሶው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ ግራና ቀኛቸው ያለው አግዳሚ ባዶ ነው። እትዬ አልታየች ክንዴን ይዘው መሐል አቆሙኝና ማን እንደሆንሁ ተናገሩ። ከትሪው ቆርሼ በምስሩ አጠቀስሁ፣ አኘክሁ፣ ዋጥሁ። ለስላሳ ነው።

"እንዴት ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

ጋሽ ሁዜይፋን አየኋቸው። መሬት ነው የሚያዩት። "ይጣፍጣል" አልሁ።

ሽማግሌው ቆረሱ። ሌሎችም ቆረሱ። በቃ፣ አለቀ አልሁ በሆዴ። ሽማግሌው ግን ማኘካቸውን አቆሙ።

"ጨው የለውም" አሉ።

ከወዲያም "ጭራሽ አልገባበትም" የሚል መጣ። ወጥ ሠሪዎቹ ተያዩ። የዛሬው ነገር አስፈርቷቸው ሲጠባበቁ፣ አንዷ ሌላዋ ጨምራለች እያለች፣ ጨው ሳይነካው ቀርቷል። ከዚያ ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ "ይጣፍጣል ያለችን ይቺ አይደለችም?" አለች። "ወረቀቱንም እንዲሁ ነዋ የጻፈችው።" ሰው እጁን ከትሪው አነሣ። ጋሽ ሁዜይፋ ሊሄዱ ነው መሰለኝ ከዘራቸውን ሳብ አደረጉ።

"ሽታም ጣዕምም አላውቅም" አልሁ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። "ታምሜ ነው፣ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያንን ቤንዚን ማንም ሰው ክዳኗን ሲከፍት ያውቀው ነበር፣ እኔ አላወቅሁትም። ማሽኑንም ሳይጨርስ አቋረጥሁት። ጋሽ ሁዜይፋ ልጆቼ በልተውታል ብለሽ ጻፊልኝ ሲሉኝ ቦታ የለውም አልኋቸው። ጥፋቱ የኪዳነማርያም ሃይላንድ አይደለም፣ የኔ ነው።"

ጋሽ ሁዜይፋ ተነሥተው ወደ ወጥ ሠሪዎቹ ሄዱና መዳፋቸው ላይ ጨው ይዘው ተመለሱ። ከቆምሁበት ፊት ለፊት ያለው ትሪ ላይ ነሰነሱት፣ በጣታቸው ለወሱት፣ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ትልቅ ጉርሻ ነው። እስክውጥ ጠበቁኝ።

"አሁንስ?" አሉ።

"ምንም" አልኋቸው።

ወደ ሰዉ ዞሩ። "ምንም አለች" አሉ ጋሽ ሁዜይፋ። "አሁን እውነቷን ነው።"

መጀመሪያ የሳቁት ያ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ሌላው ሳቀ፣ ጨው በየትሪው ዞረ፣ እጅም ተዘረጋ። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ምሰሶው ሥር ከጋሽ ሁዜይፋ ጎን ተቀመጡ። እትዬ አልታየች ቆመው ያያሉ፣ አይበሉም፤ የሚበላውን ሰው ያያሉ።

እኔ መሐል ላይ እንደቆምሁ ነበርሁ። ፊቴን አንድ ነገር ሲወርድበት ተሰማኝ፣ ዝንብ መስሎኝ በእጄ ነካሁት፣ እርጥብ ነው። ሌላው ወርዶ ከንፈሬ ላይ ሲደርስ በምላሴ ቀመስሁት። እሱም ጨው የለውም።